«ኮንትራቴ እስኪያልቅ ልጠብቅ?» ስለ ጡት ካንሰር ከአድ-ዳኢር የሚመጡ ጥያቄዎች

ከአድ-ዳኢር፣ ከፊፋና ከበኒ ማሊክ ተራሮች የሚደርሱኝ የድምፅ መልእክቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት እንዲህ ብለው ነው፦ «እህቴ፣ ጡቴ ላይ የሆነ ነገር አለ፤ ግን አያመኝም።» ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ስለ ሕመሙ ሳይሆን ስለ ሥራው ነው። ለማዳም ብነግራት ወደ አገሬ ትመልሰኝ ይሆን? ኮንትራቴ ሊያልቅ ሰባት ወር ቀርቶኛል፣ እስከዚያ ብጠብቅስ? ኢቃማ የለኝም፣ የት እሄዳለሁ?

እኔ በሙያዬ ነርስ ነኝ። ስለዚህ በስልክ «ይሄ ካንሰር ነው» ወይም «አይደለም» አልልም፤ በስልክ እንዲህ ብሎ የሚነግርሽ ካለ አትመኚው። ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን ግን እዚህ አንድ ላይ እመልሳለሁ። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዢልኝ፦ እብጠቱን በኮንትራትሽ አትለኪው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባስጀመረው የጡት ካንሰር ዕቅድ፣ አንዲት ሴት ምልክት ይዛ ጤና ተቋም ከሄደችበት ቀን አንስቶ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ ተጠናቆ በሽታው ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት ይላል። የሁለት ዓመት ኮንትራት 730 ቀን ነው። ሁለቱ አይገናኙም።

አያመኝም እኮ። ታዲያ ካንሰር ሊሆን ይችላል?

ሊሆን ይችላል። የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ካላመመኝ ምን አለበት» ብለን ዝም እንላለን። በተቃራኒው ወር አበባ ሊመጣ ሲል ሁለቱንም ጡት የሚያመው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከካንሰር ጋር አይያያዝም።

ነገር ግን ወዲያው አትደንግጪ። ጡት ላይ ከሚገኙ እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። በወጣት ሴቶች ላይ ሲነካ ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተት፣ ለስላሳ ጎማ የሚመስል እብጠት ይወጣል፤ ውሃ የቋጠረ እብጠትም አለ። እነዚህ ገዳይ አይደሉም። ችግሩ የትኛው የትኛው እንደሆነ በጣት ብቻ መለየት አለመቻሉ ነው። ለመለየት መመርመር የግድ ነው።

ገና 29 ዓመቴ ነው፤ በዘራችንም ማንም የለበትም

ዕድሜ ሲጨምር የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል፤ ይሄ እውነት ነው። ነገር ግን በአገራችን በጡት ካንሰር ከሚታከሙት ሴቶች ብዙዎቹ ከ50 ዓመት በታች ናቸው፤ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያሉም ጥቂት አይደሉም። ወጣት መሆን እብጠትን ችላ ለማለት ምክንያት አይሆንም።

የዘር ነገርም እንዲሁ ነው። እናትሽ፣ እህትሽ ወይም አክስትሽ በጡት ወይም በእንቁልጢ ካንሰር ከታመሙ ለሐኪሙ ንገሪ፤ አስፈላጊ ነው። ከዘር በሚወረስ የጂን ለውጥ የሚመጣው ግን ከአሥሩ አንዱ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከታመሙት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ሴት ከመሆናቸውና ዕድሜያቸው ከ40 ከማለፉ ሌላ የተለየ ምክንያት የላቸውም። ስለዚህ «ምን አድርጌ ነው?» ብለሽ ራስሽን አትክሰሺ። እርግማን አይደለም፣ ቡዳ አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። አብራሽ የምትተኛ ሴትም ሆነች የምትይዣቸው ልጆች ከአንቺ አይያዙም።

ልጄን ሳላጠግብ ጥዬ መጣሁ፤ ወተቱ ረግቶ ካንሰር ሆነብኝ?

ይሄን ጥያቄ ስሰማ ልቤ ይነካል፤ ምክንያቱም የጠያቂዋ ሐዘን ከበሽታው በላይ ነው። መልሱ አይደለም ነው። ጡት ውስጥ የቀረ ወተት ወደ ካንሰር አይለወጥም። ማጥባት በረዥም ጊዜ የመያዝ ዕድልን በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ማቋረጥ ግን በሽታውን አያመጣም። ወተት ሲታቆር ጡት ሊቀላ፣ ሊያብጥና ትኩሳት ሊያመጣ ይችላል፤ ይሄ በመድኃኒት የሚድን ኢንፌክሽን ነው። መድኃኒቱን ጨርሰሽ መቅላቱና እብጠቱ ካልጠፋ ግን ተመልሰሽ መታየት አለብሽ፤ ኢንፌክሽን የሚመስል የካንሰር ዓይነት ስላለ።

መንገድ ላይ የሚሆነውን ፈርቼ የእርግዝና መከላከያ መርፌ ተወግቼ ነው የመጣሁት

በየመን በኩል የሚመጡ ብዙ እህቶች ይህን አድርገዋል። የሆርሞን መከላከያ የመያዝ ዕድልን በጣም በትንሹ ከፍ እንደሚያደርግና ከተቋረጠ በኋላ ያ ጭማሪ ቀስ በቀስ እየቀነሰ እንደሚሄድ ጥናቶች ያሳያሉ። በወጣት ሴት ላይ ጭማሪው በጣም ጥቂት ነው። ራስሽን ለመጠበቅ ያደረግሽው ነገር ነው፤ በዚህ አትጸጸቺ። አንድ ጊዜ የጡት ካንሰር ከተገኘ በኋላ ግን የሆርሞን መርፌም ሆነ እንክብል ስለማይመከር ለሐኪሙ መንገር አለብሽ።

ገንዘብና ስልክ ጡት መያዣዬ ውስጥ ነው የምይዘው። ክሎሮክስስ? ማዳም ጡቴን መትታኝ ነበርስ?

ስልክ፣ ገንዘብ፣ ጠባብ ጡት መያዣ፣ ሽቶና ዲኦዶራንት የጡት ካንሰር አያመጡም። ክሎሮክስን ከአሲድ ጋር መቀላቀል ሳንባን ስለሚጎዳ አታድርጊ፤ ጡት ላይ እብጠት ያወጣል የሚባለው ግን ልክ አይደለም። ምት ደም ሊቋጥር፣ ሊያብጥ ይችላል እንጂ ወደ ካንሰር አይለወጥም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሴትየዋ የተመታችበትን ቦታ ስትዳስስ ከዚያ በፊት የነበረ እብጠት ማግኘቷ ነው። መምታቱ ግን ወንጀል ነው፤ ከካንሰር ጋር ባይያያዝም ዝም የሚባል ነገር አይደለም።

አደጋውን ከፍ የሚያደርጉት ከእነዚህ ሌላ ናቸው፦ ዕድሜ፣ ከወር አበባ መቋረጥ በኋላ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ አልኮል፣ ልጅ አለመውለድ ወይም ከ30 ዓመት በኋላ መውለድ፣ የወር አበባ ቀድሞ መጀመር ወይም ዘግይቶ መቆም።

ስመጣ ሙሉ ምርመራ አድርጌ «ፊት» ተብዬ ነው የመጣሁት

ያ ምርመራ የሚፈልገው የሳንባ ነቀርሳን፣ ኤችአይቪን፣ የጉበት ቫይረስንና እርግዝናን የመሳሰሉ ነገሮችን ነው። የደረት ራጅ ተነስተሻል፤ እሱ ሳንባን ለማየት ነው፤ ጡትን ለመመርመር አይጠቅምም። የኢቃማ ምርመራም እንዲሁ የጡት ካንሰርን አይፈልግም። ስለዚህ «ተመርምሬያለሁ» ብለሽ አትመኚ።

ጡቴን እንዴት ነው የማየው?

ብዙዎቻችሁ በር የሚቆለፍበት ክፍል የላችሁም፤ መታጠቢያ ቤት ይበቃል። ወር አበባሽ ከጀመረ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ፣ ጡትሽ ሲለሳለስ፣ ገላሽን ስትታጠቢ በሳሙና ባለሰለሰ እጅ በሦስቱ መካከለኛ ጣቶችሽ ሆድ ዳብሺው። ከብብት ጀምረሽ እስከ ጡት ጫፍ ድረስ ዙሪያውን። መስታወት ካለ እጅሽን አንስተሽ ተመልከቺ። በልቤ ቁጥር ልያዝ፣ በየቀኑ ልፈትሽ አትበይ፤ የራስሽን ጡት ልማድ ማወቅ ነው ዋናው። ከልማዱ የተለየ ነገር ሲመጣ ታውቂዋለሽ።

ሳትዘገዪ ለመታየት የሚያስገድዱሽ እነዚህ ናቸው፦

- ጡት ወይም ብብት ውስጥ አዲስ እብጠት ወይም መጠንከር፤
- ቆዳው ሲሰረጉድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሲሆን፤
- ወጥቶ የነበረ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ሲገባ፤
- ከጡት ጫፍ ደም ወይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ሲወጣ፤
- የማይድን ቁስል ወይም ቅርፊት ጫፉ ላይ ሲወጣ፤
- የአንዱ ጡት መጠን ወይም ቅርጽ በድንገት ሲለወጥ።

ጥቁር አዝሙድ፣ ጠበል፣ ሩቅያ፣ ሂጃማ ወይም መተኮስስ?

እምነትሽን የምነካ አይደለሁም። ጠበል መጠመቅም ሆነ ቁርዓን ማስቀራት ልብን ያጽናናል፤ ጸሎቱን ከሕክምናው ጋር አብረሽ አድርጊው፤ በሕክምናው ምትክ አይሁን። እብጠትን መተኮስ፣ መብጣትና ቅጠል ማሰር ግን ቆዳውን ያቆስላል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ሐኪሙም በኋላ ማየት ያለበትን ምልክት ያበላሻል። «ምች ነው፣ ብርድ ነው» ተብሎ ስድስት ወር ቅባት ሲቀባ የከረመ እብጠት ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ሄዷል።

የት ልሂድ? ምን ልበል?

ኢቃማ ካለሽ መነሻው በሰፈርሽ ያለው መርከዝ ሲሂ ነው፤ ጤና ጣቢያው። ከዚያ ወደ አድ-ዳኢር በኒ ማሊክ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ወደ ጂዛን እንደ ንጉሥ ፋህድ ማዕከላዊ ሆስፒታል ያሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ይልኩሻል። የማመላከቻ ወረቀት ሲሰጥሽ ቀጠሮው መቼና የት እንደሆነ አስጽፊ። የጤና ሚኒስቴር ስልክ 937 ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ሕይወትን የሚያሰጋ ነገር ሲሆን የአምቡላንስ ቁጥር 997 ነው። ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከአራት በላይ የቤት ሠራተኛ ያለው አሠሪ ለሠራተኞቹ የጤና መድን እንዲገባ ይገደዳል፤ በቤቱ ስንት እንደሆናችሁ ቁጠሪ፣ ካለሽ ካርዱን ጠይቂ።

አረብኛው ቢያስቸግርሽ እነዚህን ያዢ፦

- «ፊ ኩትላ ፊ ሰድሪ» — ጡቴ ላይ እብጠት አለ።
- «አብጋ ዶክቶራ» — ሴት ሐኪም እፈልጋለሁ።
- «አብጋ ሙተርጂም አምሀሪ» — የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ።
- «አብጋ ኑስኻ ሚን አት-ተቅሪር» — የሪፖርቱን ቅጂ እፈልጋለሁ።

ማዳም አብራሽ ገብታ ልትተረጉምልሽ ትችላለች። ያ ሊረዳሽ ይችላል፤ ነገር ግን የራስሽን ሕመም ሐኪሙ ከአንቺ እንዲሰማ አስተርጓሚ ወይም ስልክ ላይ ያለ የትርጉም መተግበሪያ ጠይቂ።

መርፌ ከነካው ይሰራጫል ይባላል

ይሄን ስንቱ ሰምቶታል! ግን አይሰራጭም። ምርመራው ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሐኪሟ በእጅ ትመረምርሻለች። ቀጥሎ ምስል ይነሳል፤ ለወጣት ሴት ብዙ ጊዜ አልትራሳውንድ ነው፣ ዕድሜዋ ለገፋ ማሞግራም ይጨመራል። ማሞግራም ጡትን በሁለት ሰሌዳ መሀል ጫን አድርጎ የሚነሳ ራጅ ነው፤ ያማል፣ ግን ጥቂት ሴኮንድ ነው። ሦስተኛው በመርፌ ከእብጠቱ ትንሽ ሥጋ ወስዶ ላብራቶሪ መላክ ነው። ካንሰር መሆን አለመሆኑን የሚያረጋግጠው ይሄ ሦስተኛው ነው፤ ያለ እሱ ሕክምና አይጀመርም።

ካንሰር ከሆነ ናሙናው ላይ ተጨማሪ ምርመራ ይሠራል። ዕጢው የሴት ሆርሞን ተቀባይ አለው ወይ? ኤችኢአር-ቱ የሚባለው ፕሮቲን በዝቷል ወይ? የምትወስጂው መድኃኒት የሚወሰነው በእነዚህ ነው። ስለዚህ ውጤቱ «ካንሰር ነው» ብቻ የሚል ወረቀት ከሆነ «የሆርሞኑና የኤችኢአር-ቱ ውጤትስ?» ብለሽ ጠይቂ።

ጡቴን ይቆርጡታል? እሞታለሁ?

ሁሉም ሴት ጡቷ አይወጣም። ዕጢው ትንሽ ከሆነ እሱን ብቻ አውጥቶ ጡቱን በጨረር ማከም ይቻላል። ትልቅ ከሆነ ሙሉ ጡቱ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ ሌላ ኬሞቴራፒ አለ፤ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ የሚሰጥ። ፀጉር ይረግፋል፣ ሲያልቅ ይበቅላል። ሆርሞን ተቀባይ ላለው ዓይነት ታሞክሲፈን የመሰለ እንክብል ከ5 እስከ 10 ዓመት በየቀኑ ይወሰዳል። በሕክምና ላይ ሆነሽ ማርገዝ ለጽንሱ አደገኛ ስለሆነ አስቀድመሽ ተነጋገሪበት።

ከብብት ዕጢ የወጣላት ሴት በዚያ በኩል ያለው ክንዷ ሊያብጥ ይችላል። ለእኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ሥራችን በእጅ ነውና። ዕቃ ስታጥቢ ጓንት አድርጊ፣ ከምጣድና ከካውያ ቃጠሎ ተጠንቀቂ፣ ሐኪሙ ያስተማረሽን የክንድ እንቅስቃሴ አትተዪ። ክንዱ ሲቀላና ሲሞቅ ቶሎ ታከሚ።

ስለ ሞቱ በግልጽ ልንገርሽ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቶሎ ተገኝቶ በአግባቡ በሚታከምባቸው ሀብታም አገሮች ከታመሙት ከ90 በመቶ በላይ ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት አሉ። በደቡብ አፍሪካ ያው ቁጥር 40 በመቶ ነው። የልዩነቱ ትልቁ ምክንያት ሴቶቹ ዘግይተው መድረሳቸውና ሕክምናውን አለመጨረሳቸው ነው። አንቺ የቆምሽበት ቦታ ላይ ከሁለቱ አንዱን፣ ቶሎ መድረስን፣ መለወጥ ትችያለሽ።

ለማዳም እንዴት ልንገራት?

ቀላል አይደለም፤ ግን ብዙዎቹ የሳዑዲ ሴቶች ስለዚህ በሽታ ያውቃሉ። የጅዳዋ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ዶክተር ሳሚያ አል-ዓሙዲ እ.ኤ.አ. በ2006 የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ካወቁ በኋላ በጋዜጣ በግልጽ ጻፉ፤ በ2007 ከአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዓለም አቀፍ የጀግና ሴቶች ሽልማት ተሸለሙ። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ በሳዑዲ ቤቶች ውስጥ እንደ ድሮ ነውር አይደለም። ማዳም የተረጋጋችበትን ሰዓት መርጠሽ አጭር አድርገሽ ንገሪያት፦ እብጠት አግኝቻለሁ፣ ሐኪም ማየት አለበት፣ ቀጠሮ ልያዝ። «ካንሰር» የሚለውን ቃል አታንሺ፤ ገና አልታወቀማ።

በሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ መሠረት አሠሪሽ ሕክምና እንድታገኚ የማድረግ ግዴታ አለበት። በሐኪም ማስረጃ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ አለሽ። ፓስፖርትሽን መያዝ አይፈቀድለትም። ቀዶ ሕክምና ከሆነ የምትፈርሚው አንቺ ነሽ፤ ለራስሽ አካል የከፊል ፊርማ አያስፈልግም። የማይገባሽ ወረቀት ላይ ግን አትፈርሚ፤ በተለይ «ደሞዜን ሁሉ ተቀብያለሁ» የሚል ከሆነ። ሊመልሱሽ ቢወስኑ እንኳ የሠራሽበት ደሞዝ ያንቺ ነው። ሕክምና ከከለከሉሽ ወይም ደሞዝ ከያዙብሽ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር ቁጥር 19911 ነው፤ በጅዳ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጄኔራልም አለ። ሳትነግሪ ከቤት ብትወጪ «ሁሩብ» ተብለሽ ልትመዘገቢ ትችያለሽ፤ ሕይወትሽን የሚያሰጋ ነገር ከሌለ መጀመሪያ ደውዪ።

ኢቃማ የለኝም

አድ-ዳኢር ድንበር ላይ ስለሆነች እንዲህ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አላታልልሽም፤ ያለ ኢቃማ በጤና ጣቢያ ፋይል ማስከፈት ይከብዳል፤ የግል ክሊኒክም ብዙ ጊዜ መታወቂያ ይጠይቃል። ድንገተኛ ሁኔታ፣ ማለትም ደም መፍሰስ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ከፍተኛ ትኩሳት ከሆነ ግን ሆስፒታል መጀመሪያ ማከም አለበት። እብጠት ብቻ ከሆነ ለአንቺ ከሁሉ የሚሻለው ብዙ ጊዜ በፍጥነት ወደ አገር መመለስ ነው፤ ለዚህም ቆንስላውን ስትጠይቂ «ለሕክምና ነው» ብለሽ በግልጽ ተናገሪ። ገንዘብ እስካጠራቅም ብለሽ ሌላ ዓመት መጨመር ያጠራቀምሽውን ሁሉ ለሕክምና እንዲበላው ማድረግ ነው።

ወደ አገር ቤት ስመለስ

የምርመራ ሪፖርቱን፣ የምስሉን ሲዲና ከተቻለ የናሙናውን ቁራጭ ይዘሽ ሂጂ፤ በእጅ ሻንጣሽ፣ በሚጫነው ውስጥ አይደለም። ሁሉንም በስልክሽ ፎቶ አንሺና ለምታምኚው ሰው ላኪ። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ አሁን ጅማን ጨምሮ ሌሎች ቦታዎችም ጀምረዋል፤ ቢሆንም ወረፋ አለ። ወረፋው ረዥም ነው ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ፤ ቀዶ ሕክምናና ኬሞቴራፒ በክልል ትልልቅ ሆስፒታሎችም ይሰጣል። የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ለታካሚዎች ምክርና ድጋፍ ይሰጣል። ቤተሰብሽ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነ ስምሽ መመዝገቡን አሁኑኑ አስጠይቂ፤ ከታመሙ በኋላ መሯሯጥ ይከብዳል።

ዛሬ ማታ ገላሽን ስትታጠቢ ጡትሽን ዳብሺው። ምንም ካላገኘሽ ደግ፤ በሚቀጥለው ወር ደግመሽ እይው። የሆነ ነገር ካገኘሽ ቀኑን ስልክሽ ላይ ጻፊ፤ አንድ ወር አበባ መጥቶ ሄዶ እብጠቱ ካልጠፋ ለማዳም ንገሪና ቀጠሮ አስይዢ። ደም ካለ፣ ቆዳው ከተሰረጎደ ወይም ብብትሽ ውስጥ እብጠት ካለ ወር አበባም አትጠብቂ፤ በዚሁ ሳምንት ሂጂ።